67 ነጥብ ያሳልፋል፤ ለመጠራት ግን ሌላ ቆጠራ አለ

«ነጥቤን ስቆጥር 67 ሞልቶልኛል፤ ከዚህ በኋላ ስንት ወር ይፈጃል?» ባለሙያ ካናዳ በቋሚ ነዋሪነት ስለሚገባበት ፕሮግራም በተወራበት ሁሉ ይህ ጥያቄ አይጠፋም። ጠያቂው የሚያውቀው አንድ ቆጠራ ነው፤ ያሉት ግን ሁለት ናቸው። አንደኛው ከ100 ይታሰባል፤ 67 ያመጣ ያልፋል፣ ያላመጣ ይመለሳል። ሁለተኛው ከ1,200 ይታሰባል፤ ካለፉት መካከል ማን ከማን እንደሚቀድም የሚወስነው እሱ ነው። በመጀመሪያው አልፎ በሁለተኛው ሳይጠራ የሚቀመጥ ሰው ብዙ ነው፤ አንዳች ያጠፋው ነገር ሳይኖር።

መደናገሩ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ሰውን በነጥብ መዝኖ መቀበልን የጀመረችው ካናዳ ናት፣ በ1967 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አውስትራሊያ በ1979፣ ኒውዚላንድ በ1991 ተከተሏት። የካናዳው አሠራር ለረጅም ጊዜ ወረፋ ነበር፤ ማለፊያውን ያመጣ ያመለክታል፣ ተራው ሲደርስ ፋይሉ ይታያል። ማለፊያው ራሱ በ2003 ከ75 ወደ 67 ዝቅ ብሏል። ችግሩ የሚያልፈው ሰው አገሪቱ በዓመት ከምትቀበለው በላይ መሆኑ ነበር። ፋይል በፋይል ላይ ተከመረ፣ ጥበቃው ዓመታት ሆነ። በመጨረሻም በ2012 መንግሥት ከፌብሩዋሪ 2008 በፊት የገቡ የወደ 280,000 ሰዎችን ማመልከቻ በሕግ ሰርዞ የከፈሉትን መለሰላቸው። ለዓመታት ተራዬ ይደርሳል ብሎ ለጠበቀ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

በጃንዋሪ 2015 ኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚባለው አሠራር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ወረፋ ቀርቶ ፑል፣ ማለትም የዕጩዎች ስብስብ፣ ተተካ። ያለፈ ሁሉ ፕሮፋይሉን ከፍቶ ፑሉ ውስጥ ይቀመጣል፤ መንግሥት በየጊዜው ድሮው (የመጋበዣ ዙር) እያካሄደ ከፍተኛ ነጥብ ያላቸውን ይጋብዛል፤ ማመልከት የሚችለውም የተጋበዘ ብቻ ነው። ቀድሞ መግባት ዋጋ የሚኖረው ሁለት ሰዎች እኩል ነጥብ ሲይዙ ብቻ ሆነ። 67 ዛሬም አለ፤ ትርጉሙ ግን ከ«ተራህ ይደርሳል» ወደ «መወዳደር ትችላለህ» ተቀይሯል።

የመጀመሪያው ቆጠራ

ካናዳ ሠርቶ ለማያውቅ ባለሙያ ዋናው መንገድ ፌደራል ስኪልድ ወርከር የሚባለው ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም ነጥብ ከመቁጠሩ በፊት መነሻ መስፈርቶች አሉት። ባለፉት አሥር ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይቋረጥ የተሠራና ደመወዝ የተከፈለበት የሙያ ሥራ ይፈልጋል። በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ፣ በማዳመጥ፣ በማንበብ፣ በመጻፍና በመናገር በእያንዳንዳቸው፣ በካናዳ የቋንቋ መለኪያ ቢያንስ ደረጃ 7 ይጠይቃል። የትምህርት ማስረጃውም በታወቀ ገምጋሚ ድርጅት ከካናዳ ትምህርት ጋር ተመዛዝኖ መቅረብ አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ነጥብ መቁጠሩ ትርፉ ድካም ነው።

ሥራው የሙያ ሥራ ነው የሚባለው በአገሪቱ የሥራ መደቦች ዝርዝር፣ ሰው ሁሉ ኖክ በሚለው፣ ከእርከን 0 እስከ እርከን 3 ባለው ውስጥ ሲመደብ ነው። እዚህ ላይ የሥራ መጠሪያ ብዙም አያድንም። መታወቂያው ላይ «ማናጀር» ተብሎ ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ሲቀበል የሚውል ሰው በዝርዝሩ ዓይን ገንዘብ ያዥ ነው። የሚታየው የተሠራው ሥራ ነው፤ ስለዚህ ኮዱን ከመምረጥ በፊት ኖክ ላይ የሰፈረውን የሥራ ዝርዝር ቁጭ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል።

ከዚያ ነጥቡ ይቆጠራል። ቋንቋ እስከ 28፣ ትምህርት እስከ 25፣ የሥራ ልምድ እስከ 15፣ ዕድሜ እስከ 12፣ ሕጋዊ መስፈርቱን ያሟላ የካናዳ የቅጥር ደብዳቤ 10፣ ከአገሪቱ ጋር ያለ ትስስር (ዘመድ፣ እዚያ የተማሩት ወይም የሠሩት፣ የትዳር ጓደኛ ቋንቋ) እስከ 10።

አንዲት ያላገባች የ31 ዓመት አካውንታንት እናስብ። የመጀመሪያ ዲግሪ አላት፣ ሦስት ዓመት ሠርታለች፣ ካናዳ ውስጥ ዘመድም ቀጣሪም የላትም። ዕድሜዋ 12 ያስገኝላታል፤ ከ18 እስከ 35 ያለ ሁሉ ሙሉውን ያገኛል። ዲግሪዋ 21፣ የሦስት ዓመት ልምዷ 11 ነው። ድምሩ 44 ሆነ፤ የቀረው የቋንቋ ነው። በአራቱም ደረጃ 7 ብታመጣ ለእያንዳንዱ 4፣ በድምሩ 16 ታገኝና 60 ላይ ትቆማለች። በአራቱም ደረጃ 8 ብታመጣ 20 ተጨምሮ 64 ይሆናል፤ አሁንም አላለፈችም። በአራቱም 9 ከሆነ 24 ተደምሮ 68 ሆነና አለፈች። እንግሊዝኛዋ ጥሩ የሆነ፣ ዲግሪ ያላት፣ ልምድ ያላት ሴት በደረጃ 8 ስትወድቅ ማየት ብዙዎችን ያስገርማል። ሰው ደረጃ 7 ዝቅተኛው መስፈርት መሆኑን ሲሰማ በቂ ነው ብሎ ይወስዳል። በደረጃ 7 የሚያልፈው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነጥብ ያከማቸ ሰው ነው።

የሁለተኛው ቆጠራ ሚስጥር

ሁለተኛው ቆጠራ በአጭሩ ሲአርኤስ ይባላል። ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ቋንቋና የካናዳ የሥራ ልምድ ለብቻቸው ይቆጠራሉ፤ ባለትዳር ከሆኑ የትዳር ጓደኛም ይጨመራል። ይህ ክፍል እስከ 500 ያስገኛል። ቀጥሎ ጥምር ነጥብ የሚባል አለ፣ እስከ 100፤ በመጨረሻ ደግሞ እስከ 600 የሚደርስ ተጨማሪ ነጥብ።

ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው የመካከለኛውን ነው። ጥምር ነጥብ የሚሰጠው ሁለት ነገር አንድ ላይ ሲገናኝ ነው፦ ትምህርት ከቋንቋ ጋር፣ ከካናዳ ውጭ የተሠራ ሥራ ከቋንቋ ጋር። ቋንቋው በአራቱም ክፍል 9 ሲደርስ የሚሰጠው ነጥብ እጥፍ ወይም ወደ እጥፍ የተጠጋ ይሆናል። «በአራቱም» የሚለው ላይ ነው ነገሩ።

ወደ አካውንታንቷ እንመለስ። አይልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ተፈትና ማዳመጥ 8.0፣ ማንበብ 7.0፣ መናገር 7.0፣ መጻፍ 6.5 አመጣች እንበል። (የሚፈለገው ጄኔራል ትሬኒንግ የሚባለው ፈተና ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ የሚወሰደው አካደሚክ አይቆጠርም።) በካናዳው መለኪያ ሲመነዘር ሦስቱ ደረጃ 9 ናቸው፣ መጻፉ ደረጃ 8። በመጀመሪያው ቆጠራ የቋንቋ ነጥቧ 23 ይሆንና ድምሯ ልክ 67 ይመጣል፤ ለጥቂት አልፋለች። በሲአርኤስ ደግሞ ዕድሜዋ 99፣ ዲግሪዋ 120፣ ቋንቋዋ 116 ነው። ጥምር ነጥቧ ለዲግሪው 13፣ ለሦስት ዓመት ልምዷ 25። ድምር 373።

ያቺ የመጻፍ ውጤት ከ6.5 ወደ 7.0 ብትወጣስ? ቋንቋዋ 124 ይሆናል፣ የስምንት ነጥብ ጭማሪ ብቻ። ግን አራቱም 9 ስለሞሉ ዲግሪው 25፣ ልምዱ 50 ያመጣል። ድምሯ 418 ሆነ። በአንድ ክፍል የግማሽ ነጥብ መሻሻል 45 ነጥብ አመጣላት። ከዚህ ጋር የሚስተካከል በርካሽ የሚገኝ ነጥብ በመላው ሥርዓት ውስጥ የለም ብል አላጋነንኩም። ስለዚህ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ወይስ ምን ላድርግ ለሚል ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «አራቱም ክፍል 9 ደርሰዋል ወይ?» የሚለው ነው። እንደገና ሲፈተኑ ከድሮው ውጤት ማዳመጡን፣ ከአዲሱ መጻፉን መርጦ መገጣጠም አይቻልም፤ አራቱም ከአንድ ፈተና መሆን አለባቸው። ውጤቱ የሚያገለግለውም ለሁለት ዓመት ነው።

ሁለተኛ ዲግሪ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። አካውንታንቷ ማስተርስ ብትጨምር የትምህርት ነጥቧ ከ120 ወደ 135፣ ጥምሩ ከ25 ወደ 50 ይወጣና 40 ነጥብ ታገኛለች። ነገር ግን ትምህርቱ ሁለት ዓመት ቢፈጅ በ33 ዓመቷ የዕድሜ ነጥቧ ከ99 ወደ 88 ወርዶ ይጠብቃታል፤ የተጣራ ትርፏ 29 ነው። ላላገባ ሰው ዕድሜ ከ20 እስከ 29 ድረስ 110 ሙሉ ነው፤ ከዚያ በየልደቱ አምስት ስድስት ነጥብ ይሸረፋል፤ ከ40 በኋላ በዓመት 11፣ 45 ላይ ዜሮ። ፑሉ ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ በራሱ ወጪ ያለው ለዚህ ነው።

ባለትዳሮች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሁለቱም ብቁ ከሆኑ ዋና አመልካች የሚሆነው የግድ ባል ወይም የግድ ከፍተኛ ደመወዝ ያለው አይደለም። የሁለቱንም ነጥብ ተራ በተራ ዋና አመልካች እያደረጉ ማስላትና የበለጠውን ማቅረብ ይቻላል። የዕድሜ ልዩነት ያላቸው ጥንዶች ላይ ልዩነቱ ሰፊ ሊሆን ይችላል።

418 ያስጠራል?

ይህ በድሮው ዓይነት ይወሰናል፤ መቁረጫውን፣ ማለትም የሚያስጠራውን ዝቅተኛ ነጥብ፣ ማንም አስቀድሞ አያውቀውም። በፌብሩዋሪ 13 ቀን 2021 መቁረጫው 75 ነጥብ ሆኖ 27,332 ሰው በአንድ ቀን ተጋብዟል። ያኔ በወረርሽኙ ድንበር ተዘግቶ ስለነበር የተጋበዙት የካናዳ የሥራ ልምድ ያላቸው ብቻ ነበሩ፤ አብዛኞቹም እዚያው አገር ውስጥ የነበሩ። በኤፕሪል 23 ቀን 2024 ለሁሉም ክፍት በሆነው ድሮው ደግሞ መቁረጫው 529 ነበር። አንድ ዘመድ «እኔ በትንሽ ነጥብ ገብቻለሁ» ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ የገባበት ዓመት ግን ተመልሶ አይመጣም።

ከ2023 ወዲህ በምድብ መጋበዝ የሚባል ነገር ተጨምሯል። መንግሥት የሚፈልገውን ሙያ ወይም ቋንቋ ለይቶ ከዚያ ምድብ ውስጥ ብቻ ይጠራል። ጤና፣ የቴክኖሎጂና የምህንድስና ሙያዎች፣ የእጅ ሙያ ሥራዎችና የፈረንሳይኛ ችሎታ ከምድቦቹ መካከል ናቸው፤ በ2025 ትምህርት ገብቶ ትራንስፖርት ወጥቷል። ዝርዝሩ ስለሚለዋወጥ «ሙያዬ ተፈላጊ ነው» የሚለውን ባለፈው ዓመት በሰማነው ላይ ተመሥርቶ መወሰን አይበጅም።

ከምድቦቹ ሁሉ ከየትኛውም ሙያ ላለ ሰው የሚከፈተው ፈረንሳይኛ ነው። የፈረንሳይኛ ድሮው መቁረጫ በፌብሩዋሪ 2024 እስከ 336፣ በማርች 2025 379 ወርዷል። አካውንታንቷ በፈረንሳይኛ በአራቱም ክፍል ደረጃ 7 ብትደርስ ለሁለተኛ ቋንቋ 12፣ ተጨማሪ 50፣ በድምሩ 62 ነጥብ አግኝታ 480 ትሆናለች፤ በዚያ ላይ በፈረንሳይኛ ምድብ ውስጥ ትገባለች። ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ደረጃ 7 ቀልድ አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዓመት በላይ የሚፈጅ ጥናት ነው። ቢሆንም ጊዜውን በጥናት ማሳለፉ ለማይቀር ሰው ከማስተርሱ ይልቅ ይህን ቢመርጥ እላለሁ።

ሌላው መንገድ በፕሮቪንስ መመረጥ ነው። እንደ ኦንታሪዮና አልበርታ ያሉ ፕሮቪንሶች የራሳቸው የመምረጫ ፕሮግራም አላቸው፤ አንዱ ፕሮቪንስ በኤክስፕረስ ኢንትሪ በኩል ከመረጠ 600 ነጥብ ይጨመራል። 418 የነበረው 1,018 ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ስለ መቁረጫ መጨነቅ ያበቃል። የሚመርጡት ግን በራሳቸው ፍላጎት ነው፤ አንዱ ነርስ ሲፈልግ ሌላው ብየዳ ባለሙያ ሊፈልግ ይችላል። ኩቤክ ከዚህ ሁሉ ውጭ የራሷ ሥርዓት አላት።

የቅጥር ደብዳቤን በተመለከተ ብዙ የድሮ ወሬ ይዞራል። ከማርች 25 ቀን 2025 ጀምሮ የካናዳ የሥራ ቅጥር በሲአርኤስ ውስጥ ነጥብ አያሰጥም። ቀድሞ 50 ወይም 200 ያሰጥ ነበር፤ ነጥቡ የተነሳው ደብዳቤው መሸጫና መለወጫ ስለሆነ ነው። በ67ቱ ቆጠራ ግን 10 ነጥቡ እንዳለ ነው። ዛሬም «የሲአርኤስ ነጥብህን የሚያሳድግ የሥራ ደብዳቤ በዚህን ያህል ብር» የሚል ሰው ካገኛችሁ የሚሸጠው የሌለ ነገር ነው።

ወረቀቱ

ፕሮፋይል መክፈት በነጻ ነው፤ ለአሥራ ሁለት ወር ይቆያል፣ ሲያበቃም እንደገና ይከፈታል። ፕሮፋይሉ ላይ የሚሞላው ነገር ግን በኋላ በማስረጃ የሚጠየቅ ነው። ግብዣ ከመጣ ሙሉ ማመልከቻውን ለማስገባት ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው። የፖሊስ ማስረጃ ከኖሩበት አገር ሁሉ ማሰባሰብ፣ የሥራ ደብዳቤ ማስጻፍ፣ የባንክ ማስረጃ ማውጣት በዚህ ውስጥ ያልቃል ብሎ ማሰብ ድፍረት ነው። ከኦገስት 2025 ወዲህ የሕክምና ምርመራውም ከማመልከቱ በፊት መጠናቀቅ አለበት።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሰቃየው በሥራ ደብዳቤው ነው። «እገሌ ከዚህ እስከዚህ ቀን በመሥሪያ ቤታችን በቅንነት አገልግሏል» የሚለው የተለመደ የልምድ ማስረጃ አይበቃም። ደብዳቤው የሥራ መደቡን፣ የተጀመረበትንና ያበቃበትን ቀን፣ በሳምንት የተሠራውን ሰዓት፣ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም፣ እንዲሁም ዋና ዋና ተግባራትን በዝርዝር ማስፈር አለበት፤ በድርጅቱ ወረቀት፣ በኃላፊ ፊርማ። ተግባራቱን ከኖክ ቃል በቃል ገልብጦ ማስፈረም ብልጠት ይመስላል፤ መርማሪው ግን ያንኑ ጽሑፍ በየቀኑ የሚያነብ ሰው ነው። የሠራችሁትን በራሳችሁ አገላለጽ ጻፉት።

የመቋቋሚያ ገንዘብም አለ። በካናዳ ሕጋዊ የሥራ ፈቃድና ቅጥር የሌለው የፌደራል ስኪልድ ወርከር አመልካች ራሱንና ቤተሰቡን የሚያቋቁምበት ገንዘብ እንዳለው ማሳየት ይጠበቅበታል። መጠኑ በየዓመቱ ይከለሳል፤ በጁላይ 2025 በወጣው መሠረት ለአንድ ሰው 15,263፣ ለአራት ሰው ቤተሰብ 28,362 የካናዳ ዶላር ነው። ገንዘቡ የብድር መሆን የለበትም፤ የስድስት ወር አማካይ ቀሪ ስለሚታይም በመጨረሻው ሳምንት ከዘመድ ተሰብስቦ የገባ ገንዘብ ጥያቄ ያስነሳል።

የነጥብ ሥርዓት በየአገሩ አንድ ዓይነት አለመሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። የአውስትራሊያው ከካናዳው ጋር ይቀራረባል፤ ማለፊያው 65 ነው፣ ዕድሜ ከ45 በታች መሆን አለበት፣ ከግብዣ በፊት ደግሞ ሙያው በሙያ ማኅበር ወይም በገምጋሚ አካል ይመዘናል። እንግሊዝ 70 ነጥብ ትጠይቃለች፤ ግን ፈቃድ ያለው ቀጣሪ የሌለው ሰው እዚያ ሊደርስ ስለማይችል የነጥብ ሥርዓት ተብሎ መጠራቱ ለስሙ ያህል ነው። ጀርመን በጁን 2024 የጀመረችው የዕድል ካርድ ስድስት ነጥብ ብቻ ይጠይቃል፤ የሚሰጠው ግን ሥራ መፈለጊያ ጊዜ ነው እንጂ ቋሚ ነዋሪነት አይደለም።

ወደ ካናዳው ስንመለስ፣ ደላላና አማካሪ የሚለያዩት በፈቃድ ነው። ገንዘብ ተቀብሎ ወክሎ ማመልከት የሚችለው ጠበቃ፣ የኩቤክ ኖታሪ ወይም በአገሪቱ የኢሚግሬሽን አማካሪዎች ኮሌጅ የተመዘገበ ሰው ነው፤ ስሙ በኮሌጁ መዝገብ ላይ በነጻ ይታያል። ማንም ይሙላው ማን፣ በሐሰት ለቀረበ መረጃ ተጠያቂው አመልካቹ ሲሆን ቅጣቱ የአምስት ዓመት እገዳ ነው። አብሮ የማይሄድ ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ እንኳ ቢሆን መመዝገብ አለበት፤ የተደበቀ የቤተሰብ አባልን በኋላ በቤተሰብ ስም ለመውሰድ ሕጉ ይከለክላል።

ግብዣው ከደረሰ በኋላ ልደት ሳይሆን ሌላ ነገር ነጥቡን የቀነሰው ሰው፣ ለምሳሌ ትዳር ቢመሠርት ወይም የትምህርት ግምገማው ከጠበቀው ዝቅ ቢል፣ ከማመልከቱ በፊት ነጥቡን እንደገና ማስላት አለበት። አዲሱ ድምር ከዚያ ድሮው መቁረጫ በታች ከሆነ ገንዘብ ከፍሎ ውድቅ ከመደረግ ግብዣውን «አልቀበልም» ብሎ መመለስ ይሻላል፤ እምቢ ያለ ሰው ፕሮፋይሉ ወደ ፑሉ ይመለስለታል። ዝም ብሎ 60ውን ቀን ያሳለፈ ግን ፕሮፋይሉን ከዜሮ ይከፍታል።